አንድ ሰካራም ሌላ ሰካራም ፍለጋ ስልክ ሲደውል

ወዳጆች፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ታሪክ ነው፤ ግን ያነሣሁት ለታሪክነቱ ብቻ አይደለም።

አብሮ አደጌ ነበር። ቤተሰቡ ስላለ ስሙን አልጠራም። መጠጥ የጀመረው እንደማንኛችንም ከጓደኛ ጋር፣ በደመወዝ ቀን፣ በሠርግና በልደት ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ጠዋት አንድ መለኪያ አረቄ ካልቀመሰ እጁ ተንቀጥቅጦ ሲኒ ማንሣት አይችልም ነበር። ቤተሰቡ ያላደረገው ነገር የለም። ጠበል ወሰዱት። ሽማግሌ ሰበሰቡበት። በልጆቹ አስማሉት። ደመወዙን ሚስቱ እንድትቀበል አደረጉ። እኔም መከርኩት፤ ተቆጣሁት፤ አንድ ሁለቴ ገንዘብ ሰጠሁት፤ በመጨረሻ ስልኩን ማንሣት ተውኩ።

ሲሞት እድሩ ድንኳን ተከለ። ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር። ተረኞቹ ወንበር ደረደሩ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀሉ፣ ሁሉም ድርሻውን ተወጣ። እኔ ግን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህ ሁሉ ሰው ሊቀብረው መጣ፤ በሕይወት እያለ ግን «እኔም እንዳንተ ነበርኩ፤ ዛሬ አልጠጣም» የሚለው አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ አያውቅም። መካሪ ሞልቶት ነበር። ያጣው ያንን አንድ ሰው ነው። እኛም እንዲህ ዓይነት ሰው ፈልገን ማምጣት እንዳለብን አልታየንም።

ይህ ነገር ለአንድ ሰው የታየው ከዘጠና ዓመት በፊት በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። የዛሬው ታሪክ የእሱ ነው። «ሰካራም» የሚለውን ቃል የምጠቀመው ለስድብ አይደለም፤ የታሪኩ ባለቤቶች ራሳቸውን ሳያፍሩ የሚጠሩት እንደዚያ ስለሆነ ነው። ዓመቶቹም፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባሩና ስልኩ

ቀኑ ቅዳሜ ሜይ 11 ቀን 1935 ነው። ቦታው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የምትገኘው አክሮን፣ የጎማ ፋብሪካዎች ከተማ። ሜይፍላወር በተባለው ሆቴል መግቢያ አዳራሽ አንድ የ39 ዓመት ቀጠን ያለ ረጅም ሰው ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል። ቢል ዊልሰን ይባላል። በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ በአንድ ወቅት ጥሩ ገንዘብ ያገኘ፣ ከዚያም ሁሉንም በመጠጥ ያጣ ሰው ነው። ወደ አክሮን የመጣው አንድ የማሽን ፋብሪካን ለመቆጣጠር በባለአክሲዮኖች መካከል በተደረገ የድምፅ ፉክክር ተሳትፎ ስሙን ሊያድስ ነበር። ተሸነፈ። ባልደረቦቹ ወደ ኒው ዮርክ ተመለሱ። እሱ ብቻውን ቀረ፤ ኪሱ ውስጥ የቀረው ወደ አሥር ዶላር ገደማ ነው።

መጠጥ ካቆመ አምስት ወሩ ነው። ከአዳራሹ በአንደኛው ጫፍ ባር አለ። ቅዳሜ ነውና ሳቁ፣ ጫጫታውና የብርጭቆው ድምፅ ይሰማል። በሌላኛው ጫፍ የስልክ ማነጋገሪያና በከተማው ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት የሚያሳይ ሰሌዳ አለ። ቢል «ለስላሳ እየጠጣሁ ከሰው ጋር ልጫወት» ብሎ ወደ ባሩ ሊያመራ ከጀለ። ከዚያ ደነገጠ። ያ ሐሳብ ወዴት እንደሚወስደው ከስንት ውድቀት በኋላ ያውቀዋል።

በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ትዝ አለው። ባለፉት አምስት ወራት ኒው ዮርክ ውስጥ ሰካራሞችን እየፈለገ ሲያነጋግር ነበር። ከእነሱ አንድም የዳነ የለም። እሱ ራሱ ግን እነሱን ለማዳን ሲሮጥ አልጠጣም ነበር። እንግዲያው አሁንም የሚያስፈልገው የሚያነጋግረው ሌላ ሰካራም ነው። የሚረዳው ሰው ሳይሆን የሚረዳውን ሰው ማግኘት አለበት።

ወደ ስልኩ ሄደ። ከሰሌዳው ላይ ዋልተር ተንክስ የሚባሉ ካህን መረጠና ደወለላቸው። ጥያቄው ግራ የሚያጋባ ነው፦ ከኒው ዮርክ የመጣሁ ሰካራም ነኝ፤ ላነጋግረው የምችል ሌላ ሰካራም ታውቃላችሁ? ካህኑ የአሥር ያህል ሰዎች ስም ሰጡት። ቢል አንድ በአንድ ደወለ። አንዱ የለም፤ አንዱ ከከተማ ሊወጣ ነው፤ አንዱ ጊዜ የለውም። ዝርዝሩ ሊያልቅ ሲል ከተገኙት አንዱ ወደ ሄንሪዬታ ሳይበርሊንግ መራው። ሄንሪዬታ የጉድዪር ጎማ ኩባንያን ከመሠረቱት ሰዎች የአንዱ ምራት ናት፤ በትልቁ ግቢያቸው በር ላይ ባለው ቤት ትኖራለች። እሷና ጓደኞቿ አንድ የሚያውቁት ሐኪም ከመጠጥ እንዲላቀቅ አብረው ሲጸልዩ ቆይተዋል። የማያውቁት ሰው ደውሎ «ሰካራም አገናኙኝ» ሲል፣ ሌላው ስልኩን ይዘጋበት ነበር። እሷ ግን የጸሎቷ መልስ የመጣ መሰላት።

ሐኪሙ ሮበርት ስሚዝ ይባላል፤ ዓለም ዛሬ የሚያውቀው «ዶክተር ቦብ» በሚለው ስሙ ነው። የዚያን ዕለት ሊመጣ አልቻለም፤ ሰክሮ ተኝቷል። በማግሥቱ እሑድ፣ በእናቶች ቀን፣ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ሚስቱ አን እየደገፈችው መጣ። «አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ቃል አስገብቷታል። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት የገባ ሰው ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ወጣ።

በእነዚያ ስድስት ሰዓታት ምን ተባለ? ቢል አልሰበከውም። ስለ ጉበትና ስለ ልብ ለሐኪም ምን ይነግረዋል? የነገረው የራሱን ታሪክ ነው፦ ጠርሙስ እንዴት እንደደበቀ፣ ሚስቱን ስንት ጊዜ እንደዋሸ፣ በማለደ ማግሥት እንዴት እንደጠጣ። ዶክተር ቦብ ስለ መጠጥ ያላነበበው፣ ያልተመከረው ነገር አልነበረም። ይህን ነገር ከሕይወቱ ተነሥቶ የሚያወራ ሰው ግን የመጀመሪያው ነበር።

ያ ሐሳብ ከየት መጣ?

ቢል ስልኩን ያነሣው ከባዶ ተነሥቶ አይደለም። ከኋላው የሰው ሰንሰለት አለ።

ሮላንድ ሃዛርድ የሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ ነበር። በገንዘቡ የሚገኘውን ሕክምና ሁሉ ሞክሮ፣ ስመ ጥሩው የስዊዘርላንድ የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ዘንድ ደረሰ። ዩንግ ሕክምናው ከዚህ በላይ ሊረዳው እንደማይችል፣ ተስፋ ካለም ያለው በጥልቅ መንፈሳዊ ለውጥ ብቻ እንደሆነ በግልጽ ነገረው። ሮላንድ በዘመኑ «ኦክስፎርድ ግሩፕ» ከሚባለው ክርስቲያናዊ ንቅናቄ ጋር ተቀላቅሎ መጠጥ ተወ። እሱና ጓደኞቹ በመጠጥ ምክንያት ሊታሰር የነበረውን ኤቢ ታቸርን ደረሱለት። ኤቢ ደግሞ በ1934 ኅዳር አካባቢ የድሮ የመጠጥ ጓደኛውን ቢል ዊልሰንን ብሩክሊን ድረስ ሄዶ ጠየቀው።

ቢል ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ መጠጥ ቀድቶ ጠበቀው። ኤቢ አልጠጣም አለ። ቢልን ያስደነገጠው የኤቢ ንግግር አልነበረም። ከእሱ ብሶ የነበረ ሰው፣ ፊቱ ጠርቶ፣ ብርጭቆውን ወደ ጎን ሲገፋ ማየቱ ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ በዲሴምበር 1934፣ ቢል ታውንስ ወደሚባለው የኒው ዮርክ ሆስፒታል ለመጨረሻ ጊዜ ገባ። ከዚያ ወጥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1971 ድረስ፣ አልጠጣም።

በዚያ ሆስፒታል የሚሠራው ዶክተር ዊልያም ሲልክዎርዝ በዘመኑ ከነበሩት ብዙ ሐኪሞች ይለያል። ሱሱን የጠባይ ብልሹነት ሳይሆን ሰውነትንም አእምሮንም የያዘ ሕመም አድርጎ ያያል። ቢል ከዳነ በኋላ ሰካራሞችን እየሰበከ ሲያሰለች፣ «ስብከቱን ተወው፤ መጀመሪያ ስለ ሕመሙ ንገራቸው» ብሎ የመከረው እሱ ነው። ሚስቱ ሎይስ ደግሞ ቢል «አንድም ሰው አላዳንኩም» ብሎ ሲያዝን፣ ቢያንስ እሱ ራሱ እንዳልጠጣ አስታወሰችው። አክሮን ላይ ስልኩን ያስነሱት እነዚህ ሁለት ቃላት ናቸው ማለት ይቻላል።

ዘመኑንም እናስታውስ። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ መሥራትና መሸጥን በሕገ መንግሥት ከልክላ ነበር። ክልከላው ሕገ ወጥ ንግድን አሳድጎ ተሻረ። ሕግ ተሞከረ፤ ስብከት ተሞከረ፤ እስር ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ተሞከረ። ያልተሞከረ የመሰለው አንዱ በሌላው አጠገብ መቀመጡ ነበር።

«የመሰለው» ያልኩት በእርግጥ ከዚያ በፊት ተሞክሮ ስለነበር ነው። በ1840 ባልቲሞር ውስጥ ስድስት ጠጪዎች አንድ መጠጥ ቤት ቁጭ ብለው መጠጥ ለመተው ተማማሉ። ራሳቸውን «ዋሺንግተናውያን» አሉ። በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ እያንዳንዱ ታሪኩን ይናገር ነበር። በጥቂት ዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተከተላቸው፤ አብርሃም ሊንከን ራሱ በ1842 በስፕሪንግፊልድ ስብሰባቸው ላይ ንግግር አድርጓል። ከዚያ ፖለቲከኛው፣ ሰባኪው፣ የመጠጥ ክልከላ ተሟጋቹ ሁሉ ገብቶበት በጭቅጭቅ ተበተነ። አሥር ዓመት ሳይሞላው ስሙ እንኳ ተረሳ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ሰው

ዶክተር ቦብ በዚያች ሌሊት አልዳነም። ጥቂት ሳምንታት ሳይጠጣ ቆየ፤ ከዚያ ለሐኪሞች ጉባኤ አትላንቲክ ሲቲ ሄዶ አገረሸበት። ቀናት ጠጥቶ ተመለሰ። ችግሩ ቀዶ ሕክምና የሚያደርግበት ቀን መድረሱ ነው። ቢልና አን እየተፈራረቁ አስታመሙት። በቀጠሮው ጠዋት እጁ እንዲረጋ ቢል አንድ ጠርሙስ ቢራ ሰጠው። ያ የመጨረሻው መጠጥ ሆነ። ማኅበሩ ልደቱን የሚያከብርበት ጁን 10 ቀን 1935 በዚያ ይቆጠራል። ልብ በሉ፦ የልደቱ ቀን ሁለቱ የተገናኙበት ቀን አይደለም። የወደቀው የተነሣበት ቀን ነው።

ሁለቱ ወዲያው ያሰቡት ሦስተኛ ሰው መፈለግን ነው። ወደ አክሮን ከተማ ሆስፒታል ደውለው ሰካራም በሽተኛ እንዳለ ጠየቁ። ነርሷ አለ አለቻቸው፤ ነርሶችን ደብድቦ አልጋ ላይ የታሰረ ጠበቃ። ሄደው አልጋው አጠገብ ተቀመጡና እንደተለመደው ስለ ራሳቸው አወሩለት። ጠበቃው ከቀናት በኋላ ከሆስፒታል ወጣ፤ ዳግመኛም አልጠጣም። ቢል ያን በጋ በዶክተር ቦብ ቤት አሳለፈ። አን የምታበስልላቸው ቤት፣ ጠረጴዛውና የቡናው ማንቆርቆሪያ የመጀመሪያው የስብሰባ አዳራሽ ሆኑ።

ቀጥሎ የሆነው ዘገምተኛ ነው። በ1937 ቢልና ዶክተር ቦብ ቁጭ ብለው ሲቆጥሩ በሁለቱ ከተሞች ሳይጠጡ የቆዩት ከአርባ በላይ ሆነዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደክመው አርባ ሰው! ለእነሱ ግን ተአምር ነበር። በ1939 «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ አሥራ ሁለቱ እርምጃዎች የተጻፉት እዚያ ነው። ማኅበሩም ስሙን ከመጽሐፉ ወሰደ። «ስማቸውን የማይገልጹ የመጠጥ ሱሰኞች» እንደማለት ነው፤ በአጭሩ «ኤኤ» ይሉታል።

በዚያው ዓመት በአክሮን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የምትሠራ እህት ኢግናሺያ የምትባል የካቶሊክ መነኩሲት ከዶክተር ቦብ ጋር ተባብራ ሰካራሞችን እንደማንኛውም በሽተኛ አልጋ ይዛ ማስተኛት ጀመረች። ሆስፒታሎች ሰካራምን ከበር የሚመልሱበት ጊዜ ስለነበር መጀመሪያ የተጠቀመችው አበባ የሚዘጋጅበትን ትንሽ ክፍል ነው። ዶክተር ቦብ በ1950 እስኪሞት ድረስ ሁለቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማንን ያለ ክፍያ አስታመዋል።

የሩቁ ሰውስ እንዴት አገኛቸው?

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ጋ ነው። አክሮን ወይም ኒው ዮርክ የሌለ ሰካራም ምን ያድርግ?

መጀመሪያ በጋዜጣ አገኛቸው። በ1939 መኸር አንድ የክሊቭላንድ ጋዜጣ ስለ እነሱ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ፤ ስልኩ ተጨናነቀ። በጣት የሚቆጠሩት የክሊቭላንድ አባላት ዛሬ የዳነውን ነገ ሌላ እንዲያስታምም እየላኩ በወራት ውስጥ መቶዎች ሆኑ። ከዚያ በማርች 1 ቀን 1941 «ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት» የተባለው በመላ አገሪቱ የሚነበብ መጽሔት ጃክ አሌክሳንደር የጻፈውን ሰፊ ዘገባ አተመ። ጋዜጠኛው ማጭበርበር ካለ ሊያጋልጥ በጥርጣሬ የሄደ ሰው ነበር፤ አምኖ ተመለሰ። ኒው ዮርክ ያለችው ትንሽ ቢሮ በደብዳቤ ተጥለቀለቀች። ሚስቶች፣ እናቶች፣ ሰካራሞቹ ራሳቸው ጻፉ። ጥያቄው አንድ ዓይነት ነው፦ እኔ ባለሁበት ከተማ ሰው አላችሁ?

ለአብዛኛው ከተማ መልሱ «የለንም» ነበር። ግን ደብዳቤውን አልጣሉትም። በጎ ፈቃደኞች ተሰብስበው እያንዳንዱን መለሱ። ከአንድ ከተማ ሁለት ሦስት ሰው ከጻፈ እርስ በርስ አስተዋወቋቸው። በሥራ ምክንያት ከተማ ለከተማ የሚዞር ነጋዴ አባል ካለ የአድራሻ ዝርዝር አስይዘው «እግረ መንገድህን ጠይቃቸው» ብለው ላኩት። በዚያ ዓመት አባላቱ ከ2,000 ገደማ ወደ 8,000 ደረሱ። ብዙው ቡድን የተወለደው እንዲህ ነው፤ ፈልጎ ያጣ ሰው፣ እንደሱ ፈልጎ ካጣ ሰው ጋር ሲገናኝ።

ለምን አልፈረሰም?

ዋሺንግተናውያኑን አስታወሳችሁ? ኤኤ በእነሱ መንገድ ያልሄደው ራሱን በልጓም ስላሰረ ነው። በ1950 ክሊቭላንድ በተደረገው ጉባኤ አሥራ ሁለት ወጎችን አጸደቁ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ለአባልነት የሚያስፈልገው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። ከውጭ ገንዘብ አንቀበልም። በፖለቲካም ሆነ በሌላ የውጭ ጉዳይ አቋም አንይዝም። በጋዜጣና በሬዲዮ ስማችንን አናወጣም።

ገንዘቡን በተመለከተ የሚገርም ታሪክ አለ። ባለሀብቱ ጆን ሮክፌለር ልጅየው ነገሩን ወደደው። ቢልና ጓደኞቹ ሚሊዮን ጠብቀው ነበር። እሱ ግን ገንዘብ ይህን ነገር ያበላሸዋል ብሎ አምስት ሺህ ዶላር ብቻ አስቀመጠላቸው። ያኔ ቅር ተሰኙ፤ በኋላ ግን ትክክል እንደነበር መሰከሩ።

ታሪኩ ሁሉ ግን ማር አይደለም። መጀመሪያ አካባቢ ሴት ሰካራም መኖሩን እንኳ ማመን ይከብዳቸው ነበር፤ በ1939 የመጣችው ማርቲ ማን ከቀደሙት ሴቶች አንዷ ሆና በር ከፈተች። ለቢል መዳን ምክንያት የሆነው ኤቢ ራሱ ደጋግሞ አገረሸበት፤ ቢል እስከ መጨረሻው «ስፖንሰሬ» ይለው ነበር እንጂ አልናቀውም። የጠጪዎቹ ሚስቶችም ባሎቻቸው ከዳኑ በኋላ የራሳቸው ቁስል እንዳለ አዩ፤ ሎይስ በ1951 ለቤተሰብ የሚሆነውን «አል አኖን» ከጓደኛዋ ጋር አቋቋመች።

ትችትም አለ። እርምጃዎቹ ስለ እግዚአብሔር ይናገራሉ፤ «እንደተረዳነው» የሚል ተጨምሮበት እንኳ የማይመቻቸው ሰዎች አሉ። ለእነሱ ሌሎች ቡድኖች ተፈጥረዋል፤ በ1975 ለሴቶች የተቋቋመ አለ፤ በ1990ዎቹ በሥነ ልቦና ሳይንስ ላይ ተመሥርቶ የመጣው «ስማርት ሪከቨሪ» አለ። ውጤቱስ? በ2020 ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ተቋም 27 ጥናቶችንና ከአሥር ሺህ በላይ ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ሰውን ወደ ኤኤ የሚመራ ሕክምና ጨርሶ መጠጥ በማቆም ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ እንጂ ያነሰ እንዳልሆነ አገኘ። ሁሉን ያድናል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ግን ድኖበታል ማለት ነው።

እኛስ?

ለመሰብሰብ እኛን ማን ያስተምረናል? እድር አለን፣ እቁብ አለን፣ ማኅበር አለን፣ ሰንበቴ አለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚል ሕዝብ ነን። ችግሩ ስብሰባችን ራሱ ያለ ጠላና ያለ ጠጅ አይደምቅም። ያቆመ ሰው ማኅበር ላይ ተቀምጦ «አልጠጣም» ቢል፣ «በሞቴ አንድ ብቻ!» ይባላል። ፍቅር ነው፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ለሱሰኛ ያቺ «አንድ ብቻ» ናት ገዳዩ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ አገደ። ጥሩ ነው። ግን የቢልን ታሪክ ያነበበ ሰው ሕግ ብቻውን የት ድረስ እንደሚሄድ ያውቃል። የቀረው ሥራ የእኛ ነው፤ ያም ነውሩን ማንሣት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን፤ ከዚያ ግን በሽታውን የገለጠውን እንስቅበታለን።

ስለዚህ ይህን የሚያነብ፣ ወይም ወንድሙ፣ ባሏ፣ አባቷ በዚህ የተያዘ ካለ፣ ከታሪኩ የሚወሰደው እነሆ፦

1. በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ብቻውን አያቁም። መንቀጥቀጥ፣ ቅዠትና የሚጥል ሕመም ሊመጣ ይችላል፤ ሊገድልም ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ዶክተር ቦብ እንኳ ብቻውን አልተተወም። አዲስ አበባ ያላችሁ እንደ አማኑኤል ያሉ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎችን ጠይቁ፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚሄዱበት የሱሰኞች የመረዳጃ ቡድን ያውቁ እንደሆነም እዚያው ጠይቁ።

2. አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። የከተማችሁን ስምና «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የሚለውን በስልካችሁ ፈልጉ፤ የስብሰባው ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይወጣል። «ክፍት» የተባለው ስብሰባ ላይ ማንም መግባት ይችላል፤ «ዝግ» የተባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ክፍያ የለም፤ ቅርጫት ሲዞር የሌለው አይጥልም። ስም ሲጠየቅ የመጀመሪያው ብቻ ይበቃል። መናገር ግዴታ አይደለም። ቡናም አይጠፋም።

3. በአካባቢያችሁ ከሌለ ወይም «የአገሬ ሰው ያየኛል» ብላችሁ ከፈራችሁ፣ ከኮሮና ወዲህ በኢንተርኔት የሚደረጉ ስብሰባዎች ብዙ ናቸው። ዓረብ አገር ሆናችሁ ማንንም መጠየቅ ለማትችሉም ይህ ይሻላል።

4. የመጀመሪያው ቡድን ካልተመቻችሁ ሌላ ሞክሩ። ቢል በመጀመሪያው ስልክ አላገኘም።

5. ቡድን ጨርሶ ካጣችሁ አንድ ሰው ፈልጉ። በሰፈራችሁ ጠጥቶ የተወ ሰው አይጠፋም። ካህኑን፣ ሼኩን፣ ፓስተሩን፣ የጤና ባለሙያውን «መጠጥ የተወ ሰው ታውቃላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ያሳፍራል። ሜይፍላወር ሆቴል ውስጥም ያሳፍር ነበር።

እናንተ ደግሞ ድናችሁ ዝም ያላችሁ፣ «አልፎልኛል፤ ለምን አነሣዋለሁ» የምትሉ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። አደባባይ ውጡ አልላችሁም። ስማችሁንም አትናገሩ። ግን በሰፈራችሁ ጠዋት ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ አንድ ሰው አለ፤ ታውቁታላችሁ። ሄዳችሁ አሥራ አምስት ደቂቃ አጠገቡ ተቀመጡ። አትምከሩት። የራሳችሁን ንገሩት።

የአብሮ አደጌ ቁጥር አሁንም ስልኬ ላይ አለ። አላጠፋሁትም። ስልኩን ማንሣት የተውኩበትን ወር አስታውሳለሁ፤ መልስ የማልሰጠው ምን እንደምለው ስለማላውቅ ነበር። ዛሬ ባውቅ ኖሮ የምለው አልነበረኝም፤ የማገናኘው ሰው ግን እፈልግለት ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለሚያስፈልገው ሰው አድርሱልኝ። በግሩፕ ላይ ስሙን ጠርታችሁ ሳይሆን ለብቻው፣ በውስጥ መስመር።

ቸር ያሰማን።